ጉንጯ ላይ ጭረት ያለባት ጠገራ

ጥቅምት 6 ቀን

ለውድ የአጎቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ጋሼስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም የሱቁን ደረጃ እየረገሙ ነው የሚወጡት? እኛ በተሰጠን ዕድሜና ጤና አለን፤ ሰጪው እጁን አይጠፍብን። ባለቤቴ እጅ ነስታለች። ልጄ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው፤ የምትበላውን ሁሉ እግሯ ነው የሚወስደው።

ካልቸገረው የማይጽፍ ዘመድ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። የቸገረኝም ይኸው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ መጥቼ ወደዚህ አገር ልመለስ ስል፣ ጋሼ ከሱቁ ካዝና በጨርቅ የተቋጠሩ ስምንት ጠገራዎች አውጥተው፣ «እናትህ እኔ ዘንድ ያስቀመጠችው ነው፤ አሁን ያንተ ነው» ብለው ሰጡኝ። አንቺም አጠገባችን ቆመሽ ነበር። ያቺ ወፍራም ንግሥት ያለችባቸው የድሮ የአውሮፓ ብሮች ናቸው። እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ። አንድ ጊዜ ማግኔት አስጠግቼ ስላልያዛቸው፣ ብር ለመሆናቸው ሌላ ምስክር ሳልፈልግ ስኩራራባቸው ኖሬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለቤት መግዣ ስለጎደለን ወደ አንድ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ወሰድኳቸው። ሽማግሌ ነው፤ ሱቁ ጠባብ፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ። አንዱን መዘነ። ሌላውን መዘነ። ከዚያ አንዱን የጠረጴዛው መስታወት ላይ ጣለና ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ድምፁ «ጠብ» ብሎ እዚያው ቀረ። «ተቀመጥ፣ ሻይ ላምጣልህ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሻዩ አልመጣም፤ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ናቸው።

ስምንቱም የውሸት ናቸው ተባልኩ። ለካ በዚህ ከተማ ሰሞኑን የውሸት ጠገራ የሚያዞሩ ሰዎች አሉ። ከእናቴ የወረስኩት ነው ብል «ማን ይመሰክርልሃል?» አሉኝ። ብሮቹንም ወስደው ደረሰኝ ሰጡኝ። አሁን ሳስበው ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ዓመት መጻፉ ራሱ ያስጠረጥራል። እስቲ ጋሼን ሳታስደነግጪ ጠይቂልኝ።

የአክስትሽ ልጅ


ጥቅምት 24 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደረጃውን ይረግማል፣ ደረጃውም አባባን ይረግማል፤ ተቻችለው ይኖራሉ።

ያ ነጋዴህ አላማረኝም። ሻይ ላምጣ ብሎ ሲገባ ብሮቹን ይዞ ነው የገባው ወይስ ጠረጴዛው ላይ ትቶ? እኔ ብር አንጥረኛ ሱቅ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እውነተኛውን በግራ እጁ ተቀብሎ የውሸቱን በቀኙ የሚመልስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

በዓመቱ አትደንግጥ። ሁሉም ጠገራ ላይ ያው ዓመት ነው። ሴትዮዋ ከሞተች በኋላም፣ ሰው የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስለሚል፣ እዚያው ዓመት ላይ ቆመው ነው ሲያትሟት የኖሩት። የሚጣራው ሌላ ነው። ክብደቱ ሃያ ስምንት ግራም ነው ወይ? ጠርዙ ዙሪያ ጎላ ጎላ ያለ ጽሕፈት አለ ወይ? ሲጥሉት ድምፁ ይረዝማል ወይ? ጠርዙ የተበላበት ቦታ ላይስ ከሥር ብጫ ነገር ይታያል? ብጫ ካለ ናስ ነው፤ ብሩ እላዩ ላይ የተለበጠ ነው ማለት ነው። ናስን ደግሞ ማግኔትም አይዘው።

አባባን ጠየቅኩት። «እኔ ንጹሕ ብር ነው የሰጠሁት» አለና ሞረዱን ቀጠለ።

የአጎትህ ልጅ


ኅዳር 12 ቀን

ለእህት ዓለም፣

ጤና ከነቤተሰብሽ። ምክርሽ ደርሶኛል፤ ግን ነጋዴውን በከንቱ አንማው። ወደ ጓዳ ሲገባ ብሮቹ እፊቴ ነበሩ፤ አንድም ጊዜ ከዓይኔ አልራቁም። ያልሽውን ሁሉ ጉዳዬን ለያዘችው የፖሊስ መርማሪ ነገርኳትና በልዩ ሚዛን አሳየችኝ። ሃያ አራት ግራም ነው፣ ሃያ ስምንት አይሞላም። የጠርዙ ጽሕፈት በሞረድ ተልጎ እንደ አለቀ ሳሙና ልሟል። ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ብጫ ወጣ።

ሌላም ነገር አሳየችኝ። በማጉያ ስትታይ፣ በስምንቱም ላይ ንግሥቲቱ አንድ ዓይነት ጭረት አለባት። «ስምንት ሰው ያው ቦታ ላይ ያው ጠባሳ አይኖረውም» አለችኝ። «አንዲት የተጫረች እውነተኛ ጠገራ አለች፤ እነዚህ በሷ ቅርጽ የተቀዱ ናቸው። የሠራቸው እሷን የያዘ ሰው ነው። አንተ ጋ ናት?» እኔ ጋ የለችም አልኳት። ቤቴን ፈትሸው አላገኙም፤ አለማግኘታቸው ግን አላሳመናቸውም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሊፍት ነው የምጠግነው። የሰው ሕንፃ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። በማጭበርበር የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ቁልፍ አይሰጠውም። አለቃዬ እስካሁን አልሰማም። ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ጋሼ «እነዚህን ብሮች ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብለው ፈርመው ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የአክስትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? መልሴ የዘገየው አባባን ጥሩ ቀን ላይ ልጠይቀው ብዬ ነው። ጥሩ ቀን አልመጣም፤ ጠየቅኩት።

አልፈርምም አለ። «ይህን ያህል ዓመት እሱ ቤት ተቀምጦ፣ ቤቱ ማን ገባ ማን ወጣ እኔ በምን አውቃለሁ? የሰጠሁት ሌላ፣ የተያዘው ሌላ» ይላል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሽማግሌ ፊርማ ይፈራል። ግን ወንድሜ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤበታለሁ። አንድ ጊዜ የባለቤትህ ወንድም እናንተ ዘንድ ከርሞ እንደነበር ጽፈህልኝ ነበር። ሥራም አልነበረውም። ሰው አልሰድብም፣ ቁም ሳጥኑ ይቆለፍ ነበር ወይ ብዬ ብቻ ነው የምጠይቅህ።

በነገራችን ላይ የሱቁ ጣራ ያፈሳል። ባልዲ ደቅነን ነው የምንሠራው።

የአጎትህ ልጅ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ደብዳቤሽን ባለቤቴ ከኔ ቀድማ አንብባው ነበር። የጻፍሽው ስለ ወንድሟ መሆኑን ካየች ወዲህ ቤታችን ጸጥ ብሏል። ልጁ ያኔ የተጠጋን ለሕክምና ነበር፤ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት እኔ ነበርኩ ደግፌ የማመላልሰው። ቁም ሳጥን የሚመዘብር ጉልበት አልነበረውም።

ለመጣላት አልጽፍም። መርማሪዋን ለምኜ የአንዱን ጠገራ ፎቶግራፍ ሰጥታኛለች፤ በፊቱም፣ በጀርባውም፣ በጠርዙም፣ ልክ በመጠኑ። በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። አንቺ ከኛ ሁሉ ይልቅ ብር ታውቂያለሽ፤ በደንብ እይውና ምን እንደምታይ ጻፊልኝ።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 3 ቀን

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ሁሉን ቻዩ ይጠብቅህ። ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ያን ያህል ጥራት የለውም፤ ከወረቀት ላይ ብርን መለየት ከባድ ነው። ጣራው ተጠግኗል። አባባ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሽሎታል። ሥራ በዝቶብን ቀና ማለት አልቻልንም።

ወደ ሱቁ ስልክ ባትደውል ጥሩ ነው። አባባ ይረበሻል።

የአጎትህ ልጅ


የካቲት 17 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው።

ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ጣራው አለ፣ ስለ ጉንፋኑ አለ፣ የጠየቅኩሽ ግን የለም። ያ ፎቶግራፍ ጥራት የለውም ያልሽው እህቴ፣ የንግሥቲቱ ሽፋሽፍት የሚቆጠርበት ነው። አንቺ የሰው የጆሮ ጌጥ ከመንገዱ ማዶ አይተሽ ስንት ጊዜ እንደተበየደ የምትናገሪ ሰው ነሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ምን አይተሽ ነው?

አለቃዬ ሰምቷል። አላባረረኝም። «ነገሩ እስኪጣራ» ብሎ ቁልፎቹን ተቀብሎኝ መጋዘን ውስጥ አሮጌ ገመድ እየለየሁ ነው። ጓደኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ምናልባት ድሮም ይስቡ ነበር፣ አላውቅም። ትናንት ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፣ ዞርም ሳትል፣ «እውነት ከእናትህ ነው ያገኘኸው?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ከፖሊሶቹ ሁሉ ትብሳለች።

የምታውቂውን ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን።

የአክስትሽ ልጅ


መጋቢት 2 ቀን

ለወንድሜ፣

ለዚህ ደብዳቤ የሚሆን ሰላምታ አጣሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

የሱቃችንን ሚዛን ታስታውሳለህ? በአንደኛው ሰሃን ላይ አንዲት ጠገራ አለች። አባባ ከአባቱ ጀምሮ በሷ ነው የሚመዝነው፤ ክብደቷ ልክ አንድ ወቄት፣ ሃያ ስምንት ግራም ስለሆነ እንደ መመዘኛ ድንጋይ ነች። ከጉንጯ ተነስቶ እስከ አንገቷ የወረደ ጭረት አለባት። ልጅ ሆኜ «ማን ቧጨራት?» ስለው «ድመት» ይለኝ ነበር። ፎቶግራፍህን ከፖስታው ሳወጣ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። የጻፍኩልህ ደብዳቤ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ነውና አልቻልኩም።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ሲመጣ ፎቶግራፉን ሚዛኑ ላይ፣ ከጠገራዋ አጠገብ አኑሬ ጠበቅኩት። ገባ። መነጽሩን አደረገ፣ አየ፣ አወለቀ።

«ማን ላከው?» አለኝ።

«የእህትህ ልጅ» አልኩት።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ነገረኝ። አክስቴ ከመሞቷ በፊት ባለው ዓመት ገበያው ላይ ብር ጠፍቶ ነበር። እሱ ደግሞ ለአንዲት ሙሽራ ሙሉ ጌጥ ሊሠራ ተዋውሎ ቀብዱን በልቶታል። ሠርጉ ደረሰ። ካዝናው ውስጥ የእህቱ ስምንት ጠገራ ነበረ፤ አቀለጠው። ገበያው ሲመለስ እተካለሁ ብሎ ነበር። ሳይተካ አክስቴ አረፈች፣ አንተ ለለቅሶ መጣህ። ያን ሰሞን እኛ ድንኳን ሥር ተቀምጠን ስናለቅስ እሱ ሱቁን ዘግቶ፣ ጠገራዋን ጭቃ ላይ አትሞ በቅርጿ ናስ እያፈሰሰ፣ ብር እየለበጠ ነበር። እኔ ደግሞ በኀዘን ሰው መሸሹ ነው ብዬ ምግብ አደርስለት ነበር።

«ባዶ ጨርቅ ልሰጠው ነበር?» አለኝ። «ለማስታወሻ ያስቀምጠዋል እንጂ እዚያ አገር ማን ይመዝነዋል ብዬ ነው።»

ፈርምለት አልኩት። ይህን ከፈረመ በዚህ ሱቅ ብር የሚገዛ ሰው እንደማይኖር ነገረኝ። ካልፈረመ አንተ ልትታሰር እንደምትችል ነገርኩት።

«እሱ ገና ጎልማሳ ነው» አለኝ፤ «ያልፍለታል።»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ምሳውን አቀርባለሁ፣ ይበላል። ጠገራዋን ከሚዛኑ ላይ አንስቼ በአደራ ፖስታ ልኬልሃለሁ፤ እኔም ያየሁትን ጽፌ ፈርሜያለሁ። በማግስቱ ሰሃኑን ባዶ አይቶ የት እንዳደረስኳት አልጠየቀኝም። ስለ ባለቤትህ ወንድም የጻፍኩት አንገቴን አስደፍቶኛል፤ ይህንንም ንገራት።

የአጎትህ ልጅ


መጋቢት 23 ቀን

ለእህቴ፣

ፈጣሪ ያክብርሽ። ለአባትሽ ሳይሆን ለእውነት መቆም ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ጠገራዋ ደርሳለች። መርማሪዋ ከስምንቱ ጋር አሰልፋ በማጉያ ስታያት እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ጭረቱ ከጭረቱ ገጠመ። ያንቺዋ ሃያ ስምንት ግራም መዘነች። ጠረጴዛው ላይ ስትጥላት በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ፤ ድምፁ ያን ያህል ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መርማሪዋ አመነችኝ መሰለኝ። ግን የእርሷ ማመን መዝገብ አይዘጋም፤ የልጅ ቃል አይበቃም፣ የሠራው ሰው ራሱ በሕግ ፊት ቃሉን ይስጥ ተባለ።

ለአባትሽ የምለው የለኝም። ሊያቀልጠው ይችላል፤ ቸግሮት ነው እላለሁ። ሊያፍርም ይችላል። «ያልፍለታል» ያላት ቃል ግን እዚህ መጋዘን ውስጥ ገመድ ስለይ ጆሮዬ ላይ ትውላለች።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው። ሌላውን ሁሉ ተይው። እናቴ ታውቅ ነበር?

የአክስትሽ ልጅ


ሚያዝያ 26 ቀን

ለወንድሜ፣

በያለህበት ሰላም ይዋልልህ፤ ለባለቤትህም፣ ለወንድሟም፣ ለዚያች ለረጅሟም።

ደብዳቤህን እንዳለ አነበብኩለት፤ ስለሱ የጻፍከውንም አልዘለልኩም። ሳነብለት የእጅ አምባር ያቃና ነበር። መጨረሻዋ ላይ ስደርስ መዶሻውን አስቀመጠ።

«አታውቅም» አለ። «ሌላው ሰው ሁሉ ግራሙን አስጽፎ፣ ወጥቶ ሌላ ሱቅ አስመዝኖ፣ ተመልሶ ይሳደባል። እሷ ጨርቁን እንኳ ፈትታ አይታው አታውቅም። ደህና ነው ወይ ትለኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ።»

ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። ደረጃውን ያለ እርግማን ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሹማምንቱ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ እንዴት እንዳተመ፣ እንዴት እንዳፈሰሰ፣ በምን እንደለበጠ፣ ለማን እንደሰጠ። ፈረመ። ወረቀቱ በመንግሥት በኩል ወዳንተ አገር ሄዷል፤ እስካሁን ደርሶ ይሆናል። እዚህም ይከሱት እንደሆነ ገና አልነገሩንም።

ወሬው ግን ከወረቀቱ ይፈጥናል። በማግስቱ ሱቁን ስከፍት ደጁ በሰው ተሞልቷል። የዛሬ ስንት ዓመት የገዙትን አምባር፣ የአንገት ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ ይዘው መጥተዋል። ማንም አልጮኸም። አንዲት ሴት፣ አራስ ቤት ሳይቀር ጠይቃን የምታውቅ፣ ዓይኔን ሳታይ «መቼም ለማጣራት ያህል ነው» ብላ የጋብቻ ቀለበቷን እፊቴ አኖረች።

መፈተኛ ድንጋዩን ጠረጴዛው መካከል አደረግኩ። ሁሉንም እፊታቸው ድንጋዩ ላይ እያሸሁ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ። ብር ከሆነ እንደ ደም ይቀላል፤ ናስ ከሆነ አረንጓዴ ሆኖ ይፈላል። ቀላ። ቀላ። ቀላ። ሳምንቱን ሙሉ አንድም አረንጓዴ አልወጣም። ሰዉ ሁሉ ዕቃውን እየያዘ ሄደ፤ ይቅርታ ያለም አለ፣ ያላለም አለ። አባባ በሕይወቱ የሸጠው የውሸት ብር የለም። ከእህቱ በቀር ያታለለው ሰው የለም። ይህን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ጠገራዋን ከሚዛኑ ካነሳሁበት ቀን ይልቅ አለቀስኩ።

በመጨረሻው ቀን ሰው ሳሳ ሲል ቀና ብል አባባ ተሰልፏል። ከፊቱ ሁለት ሰው ነበር፤ ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው ከኪሱ የእናቴን አምባር አወጣ፤ ሲያገባት በገዛ እጁ የሠራላትን።

«ይህንንም እዪው» አለኝ።

ሰዎቹ ቆመው ያያሉ። አያስፈልግም ብዬ መመለስ እችል ነበር። አንድ ልቤ መልሺ ይለኛል፣ አንድ ልቤ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ማወቅ ፈለገ። ድንጋዩ ላይ አሸሁት። አሲዱን እሱ እያየኝ ጠብ አደረግኩበት።

ቀላ።

አምባሩን በመሐረቡ ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰና ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንነጋገራለን፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ምሳ። የእናቴን አምባር የፈተንኩ ልጅ ነኝ፤ ይህን እሱም እኔም እናውቃለን። አንተ ብትሆን ትፈትነው ነበር?

የአጎትህ ልጅ


ግንቦት 18 ቀን

ለእህቴ፣

ጤናሽ ይስፋ፣ እጅሽ አይዛል። መዝገቡ ተዘግቷል። መርማሪዋ ስምንቱን አስቀርታ ያንቺዋን በፖስታ መለሰችልኝ። አለቃዬ ቁልፎቹን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። የመጀመሪያ ቀን የወጣሁት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አንዲት አሮጊት በሩን ከፍታ «የት ጠፋህ?» አለችኝ። ለሷ ታምሜ ነበር አልኳት። ባለቤቴ ወንድሟን ምሳ ጠርታዋለች፤ ጉዳዩን አላነሳነውም፣ ብዙ ሥጋ ግን አቀረብንለት።

ጥያቄሽን ስመልስ፣ አዎ፣ እፈትነው ነበር። በዚህ ዓመት የማልፈትነው ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ስትስቅ እንኳ ከልቧ ነው ወይ እያልኩ አዳምጥ ነበር። ስለዚህ በዚህ ራስሽን አትቅጪ።

የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ጠገራዋን ይዣት ነው የምመጣው፤ ያለ መመዘኛ ሥራ አይሠራም። ለጋሼ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ምናልባት ዝም ብለን እንቀመጥ ይሆናል።

ሆቴል አልያዝኩም።

የአክስትሽ ልጅ